ሟቿ ባለመሬት

አዲስ አበባ፣ አራዳ
የካቲት 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ አስካለ፤
ጅማ

ሰው ለሰው ሲጽፍ መጀመሪያ ጤናውን ይጠይቃል። እኔ ግን ከጤናዎ በፊት በሕይወት መኖርዎን መጠየቅ ግድ ሆኖብኛልና አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

ሰርክአዲስ እባላለሁ። የፊታውራሪ ወርቅአፈራሁ ባለቤት ነበርኩ፤ ከእርስዎ በኋላ ማለቴ ነው። ፊታውራሪ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እኔን ሲያጩ፣ የመጀመሪያ ባለቤታቸው በጠላት ጊዜ ጅማ ላይ በወባ እንደሞቱባቸው ለአባቴ እያለቀሱ ነግረዋቸው ነበር። አባቴም አብረው አለቀሱ። ስለዚህ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በየዓመቱ ለአስተርእዮ ማርያም ሙት ዓመትዎን ሳስብ ኖሬአለሁ። ድግሱ የሚያኮራ አልነበረም፤ ግን በስምዎ ነዳያን ሳይበሉ የዋሉበት ዓመት የለም።

ባለፈው ወር ታዲያ ሐጂ ኑሪን፣ ዓምና በራችን ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱትን ጎረቤታችንን፣ ዳቦ እንዲቀምሱ ብዬ ሳሎን አስገባኋቸው። ዳቦውን እንደያዙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍዎን አይተው ቀጥ አሉ። ማን እንደሆኑ ነገርኳቸውና ነፍስ ይማር እስኪሉ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን፣ «ዕድሜዋ ነው እንጂ አስተያየቷ ያው ነው። እቺ ሴትዮ ጅማ ሒርማታ ገበያ ማር ትሸጥልኛለች። በታኅሣሥም ሰድባኛለች። የሞተ ሰው እንዲያ አይሳደብም» አሉኝ።

የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ቤታችን ሙዚየም ሊሆን ነው። የቤቱን ታሪክ የሚያዘጋጁት ወጣት መቼና እንዴት እንደተሠራ ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን ተሠርቶ ነው ያገኘሁት። እርስዎ እርስዎ ከሆኑ እባክዎ ይጻፉልኝ። ካልሆኑ ደግሞ ለሞቱት ወይዘሮ ነፍስ ይማር ብለው ደብዳቤውን ይቅደዱት።

አክባሪዎ
ሰርክአዲስ


ጅማ
የካቲት 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሰርክአዲስ፣

ዓይኔ ስለደከመ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጆቼ አስተማሪ መሪጌታ ተክለሃይማኖት ነው። እኔ ያልኩትን እንዳለ ጻፍ ብለው እሺ አይልም። ስለዚህ ደግ ቃል ያገኘሽበት ቦታ ሁሉ የእሱ ነው።

አዎን፣ አስካለ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል እንጂ አለሁ። የምኖረው ልጄ ቤት ነው፤ ምራቴ ድስቶቼን እያነሣች ትደብቅብኛለች። ሙት ዓመቴን እያሰብሽ ስለኖርሽ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥር በመጣ ቁጥር ጤናዬ ለምን እንደሚሻለው ይገርመኝ ነበር። ሐጂ ኑሪን ሰድባኛለች ያለው ግን ሐሰት ነው። የሰደብኩት ሚዛኑን ነው። ሚዛኑን ሌባ ብዬው ነበር፤ መሪጌታ «የተሳሳተ» ብለህ ጻፍ ያልኩት መስሎት ይሆናል።

ቤቱ በአሥራ ዘጠኝ ተጀምሮ በሃያ አንድ አለቀ። ያኔ ከጊዮርጊስ ወደ እሪ በከንቱ የሚወርደው ቁልቁለት ቁጥቋጦ ብቻ ነበር፤ ጅብ በጠራራ ፀሐይ ያልፍ ነበር። ድንጋዩን አንድ አርመን ገነባው፣ እንጨቱን አንድ ሕንድ አናጢ ሠራው። ወርቅአፈራሁ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ከጎረቤቱ ከደጃዝማቹ ቤት አንድ ክንድ ይብለጥ። ደጃዝማቹ ይህን ሰማና የራሱን ጣራ አስነሥቶ ከፍ አደረገ። የእኔውም አስነሣ። እንዲህ ሲሽቀዳደሙ ክረምት ገባና ሁለቱም ቤቶች ራሳቸውን እንደተገለጡ ዝናብ ወረደባቸው። ደረጃው ዛሬም ስትወጪበት የሚያቃስት ከሆነ ከዚያ ክረምት የተረፈው ሕመም ነው።

ወጥ ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ። እሱ ደርቡን አስቦ፣ ሰገነቱን አስቦ፣ የሚበላበትን ረስቶት ነበር። ሰገነት የፈለገው ለነፋስ እንዳይመስልሽ። እዚያ ቆሞ አላፊ አግዳሚው እጅ ሲነሣው ለማየት ነው። እጅ የሚነሣ ሲጠፋ አሽከሮቹን በጓሮ እያስወጣ በፊት ለፊት ያሳልፋቸው ነበር። እነሱም ለጥ ብለው እጅ ይነሣሉ፣ እሱም እንደማያውቃቸው ሆኖ ራሱን ነቅነቅ ያደርግላቸዋል።

ይህን ለሙዚየሙ ሰው ንገሪው። ካፈርሽ ወጥ ቤቱን ብቻ ንገሪው።

ፎቶግራፌ እስካሁን ግድግዳ ላይ መኖሩን አላመንኩም። እኔ ብሆን በገባሁ ማግስት አወርደው ነበር።

አስካለ


አራዳ
መጋቢት 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ፣

እትዬ ስልዎ አይቆጡኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የጠራሁዎ እንዲሁ ነው።

ስለ ፎቶግራፉ የጻፉትን አነበብኩ። እዚህ ቤት ስገባ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ፊታውራሪ ደግሞ ያባቴ እኩያ ናቸው። ቤቱ ሰፊ፣ አሽከሩ ብዙ፣ የሚያነጋግረኝ ግን አንድም ሰው የለም። እሳቸው ወደ ደጅ ጥናት ሲወጡ እኔ ከፎቶግራፍዎ ሥር ተቀምጬ ስፈትል እውላለሁ፣ ሳላስበው ማውራት ጀመርኩ። መልስ ስለማይሰጡ ይመቹኝ ነበር። አሁን መልስ መስጠት ሲጀምሩ ግን የነገርኩዎትን ሁሉ እያስታወስኩ እሳቀቃለሁ። ስለ ማንኮራፋታቸው ያልኩትን ይርሱት።

ከእርስዎ በኋላ ቤቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉና ልንገርዎ። በጠላት ጊዜ የጣሊያን መኮንኖች መጠጫ አድርገውት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ባንኮኒ ትተው ሄዱ። ፊታውራሪ ሲመለሱ አፍርሱት ይላሉ ሲባል፣ ከኋላው ቆመው አዩትና ወደዱት። ከዚያ በኋላ ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት በክርናቸው ባንኮኒውን ተደግፈው ነበር። ከውቤ በረሃ ሞቅ ብሎት የወጣ ሰው አንድ ቀን ስቶ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ጠጅ አዘዛቸው። የሳቸው ፊት ሲለዋወጥ እንኳ አልገባውም፤ «ቶሎ በል፣ አዛውንቱ» አላቸው።

ሙዚየሙን የሚያዘጋጁት አቶ ዘርኡ ትሑት ልጅ ናቸው፤ ግን ያገኙት ዕቃ ላይ ሁሉ ቁጥር ይለጥፋሉ። ባለፈው ማክሰኞ ወንበሬ ላይ ተደግፌ ተነሣሁና ወደ ሐጂ ኑሪ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ዞር ስል አይተውኝ፣ «እመቤቴ፣ ተሸጡ እንዴ?» አሉኝ። ቁጥሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ነጠላዬ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። አልጋዬ ላይ ደግሞ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ማታ ማታ አንሥቼ እተኛለሁ፣ ጧት መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ቤቱን መስጠታችን ትልቅ ሥራ ነው። ፊታውራሪ ሲያስቡትም እኔ ደስ ብሎኝ ተስማምቼበታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል። በመግቢያው ላይ በሚቆመው እብነ በረድ እርስዎን «በጠላት ዘመን በአርበኝነት ተሰውታለች» ብለውዎታል። ፊታውራሪ ወባ ያሉትን አቶ ዘርኡ አሻሽለውት ነው።

እህትዎ ሰርክአዲስ


ጅማ
ሚያዝያ 2 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ መሪጌታ ሁለት ጊዜ መነጽሩን ጠረገ። ጉንፋን ነው ይላል።

እኔ በጠላት ጊዜ ማር ስሸጥ ነው የኖርኩት። ለአርበኛውም ሸጫለሁ፣ ለጣሊያኑም ሸጫለሁ፤ ለጣሊያኑ ውኃ እጨምርበት ነበር። አርበኝነቴ ይኸው ነው። ከፈለጉ እሱን ይቅረጹልኝ። መኖሬን ለአቶ ዘርኡ ነግረሽው እንደሆነ፣ ቤቱ ሲወሰድም አንቺ የት እንደምትኖሪ ጻፊልኝ።

ወርቅአፈራሁ ለምን ሞተች እንዳለኝ አፍረሽ አልጠየቅሽኝም። እውነቱን ልንገርሽ። በሃያ ስምንት በረሃ ሲወርድ እኔን ወደ ዘመዶቼ ወደ ጅማ ላከኝ። በሠላሳ ሞተ ተባለ። እኔም አለቀስኩ፣ በሬ ጥዬ ተዝካሩን አወጣሁ። ጊዜው አልፎ አብርሃ የሚባል ማር ነጋዴ አገባሁ። ነጻነት ሲመለስ ታዲያ ተዝካሩን ያወጣሁለት ሰው በበቅሎ ተቀምጦ አራዳ ገባ አሉኝ። አለሁ፣ ግን አግብቻለሁ፣ ልጄን ካሣሁንንም አርግዣለሁ ብዬ ላክሁበት። እሱ የላከብኝ መልስ፣ «የፊታውራሪ ሚስት ማር ነጋዴ አገባች ከሚባል ሞታለች ይባልልኝ» የሚል ነበር። አሰብኩበትና ይሁን አልኩ። ፍቺ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ክርክር ይፈልጋል፣ ያንቺ የእኔ መባባል ይፈልጋል። ሞት ይህ ሁሉ የለበትም።

ስለዚህ ዋሸኝ ብለሽ እሱን ብቻ አትውቀሺ። ሁለታችንም ተስማምተን ነው የሞትኩት።

አስካለ


አራዳ
ሚያዝያ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አስካለ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። አየሩም ደህና ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት ያለቀስኩት ተስማምቶ ለሞተ ሰው ኖሯል። ልጅ ሳይሰጠኝ ሲቀር የሟች አልጋ ላይ ተኝቼ፣ የሟች ቤት ወርሼ ነው፣ አዝነውብኝ ነው ብዬ ይቅር እንዲሉኝ ጊዮርጊስ እየሄድኩ ሻማ አበራ ነበር። እርስዎ በዚያን ጊዜ ማር ይመዝኑ ነበር።

ስለ ቤቱ የሚቀረውን ሌላ ሰው እጠይቃለሁ። ስላደረጉልኝ ትብብር አመሰግናለሁ።

ሰርክአዲስ


ጅማ
ሚያዝያ 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ፣

ይህን ራሴ ነው የጻፍኩት። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልም ታገሺኝ። መሪጌታ ይቅርታ የሚለውን ቃል በግዕዝም በአማርኛም አሳምሮ ሊጽፍልኝ ነበር፤ አስወጣሁት።

ስለ ሻማው አላወቅኩም። ይቅር በይኝ።

ሐጂ ኑሪ የሚያመጣልሽ ማር ውኃ የለበትም።

አስካለ


አራዳ
ሚያዝያ 30 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ፣

ማሩ ደረሰልኝ። አልቀምሰውም ብዬ ምዬ ነበር። ሦስት ቀን ቆየሁና ጣቴን አስነካሁት። አሁን እንስራው ተጋምሷል።

አዎን፣ መኖርዎን ለአቶ ዘርኡ ነገርኳቸው። ልጁ ደነገጡ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ፣ «እብነ በረዱ እኮ ተቀርጿል» አሉኝ። ድንጋዩ ተቀርጾ፣ ንግግሩ ተጽፎ፣ የእንግዶቹ መጥሪያ ታድሎ አልቋል። ሲጨንቃቸው፣ ምረቃው እስኪያልፍ ድረስ ጅማ ቢቆዩላቸው ብለው አማላጅ አድርገው ላኩኝ። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይኑሩ ብለዋል።

ከመሥሪያ ቤታቸው የመጣ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ፣ የመጀመሪያዪቱ ሚስት በሕይወት ካለች ታዲያ እርስዎ ምንድን ነዎት ብሎ ጠየቀኝ። ጠጅ አስቀረብኩለት።

የት እንደምኖር ለጠየቁኝ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀምሯል። የጊዮርጊስ ቁልቁለት ከወዲሁ ያንሸራትታል።

ምራትዎ ዛሬም ድስቶችዎን እያነሣች ትደብቅብዎታለች? ይጻፉልኝ።

እህትዎ ሰርክአዲስ


ጅማ
ግንቦት 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

እኔ ስለ ዝናቡ አልጠየቅኩሽም።

አንቺ ካልነገርሽኝ ሐጂ ኑሪ ነግሮኛል። መቼም ያ ሰው በሚዛን እንጂ በወሬ አይሰርቅም። ወርቅአፈራሁ ቤቱን ሲሰጥ አንድም ቃል እንዳላማከረሽ፣ ኑዛዜው በአርባው ዕለት ለቀስተኛ ፊት ሲነበብ ከሰው እኩል እንደሰማሽው ነገረኝ። ስሙ እንዲጠራ ሙዚየም ይሁን ብሏል፤ ሚስቴ የት ትግባ አላለም። ያው ወጥ ቤቱን የረሳው ሰው ነው። ምረቃው ሲደርስ ሣጥንሽን ይዘሽ ውጪ መባልሽን፣ እሪ በከንቱ ውስጥ ክፍል ስትፈልጊ መሰንበትሽን፣ የሐጂ ሚስት መይሙና የዕቃ ቤታቸውን ልትለቅልሽ ማለቷን ሁሉ ነግሮኛል። ይህን ሲነግረኝ ስለ ማሩ ዋጋ ሳልከራከር ቀረሁ፤ እሱም ታምሜ መሰለው።

አንቺ ምንድን ነሽ ላለሽ ሰው እንዲህ በይው። አስካለ በሠላሳ ሁለት ሌላ ባል አግብታ በሰማንያ ኖራለች፣ ወርቅአፈራሁም እሺ ብሏል፤ ስለዚህ ሚስቱ አንቺ ነሽ። መስካሪ አምጪ ካለሽ እኔን አምጪኝ።

አሁን የምነግርሽን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ቤቱን የሠራው ወርቅአፈራሁ ነው፤ አልክድም። መሬቱ ግን የእኔ ነው። አባቴ ሲድረኝ የሰጠኝ ነው፤ የጊዮርጊስ ደብር ሽማግሌዎች ያውቁታል። እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩት የሞተ ሰው መሬት ስለማይጠይቅ ነው። ባሌ አብርሃ ሳለ እንዲያፍር አልፈለግኩም። እሱም ዓምና ዐረፈ። አሁን የማፍርበት ሰው የለኝም።

ለአቶ ዘርኡ ጅማ ትቆያለች በይው። ይደሰት፣ ምን ይሆናል። እኔ ግን ግንቦት ሃያ በአውቶቡስ እደርሳለሁ።

አስካለ


አራዳ
ሰኔ 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለ፣

ካሣሁን ሳያመሹ ይመለሱ ብሎ አስምሎዎት ስለነበር በማግስቱ ገስግሰው ሄዱ፤ የኋላውን ወሬ አላዩትም። ጠይቀውኛልና ልንገርዎ።

ያሉትን ቃል ከተማው እየለዋወጠ ያወራዋል። አንዱ ሽጉጥ መዘዘች ይላል፣ ሌላው ረገመቻቸው ይላል። እኔ አጠገብዎ ስለነበርኩ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደሆነው እናገራለሁ። ሪባኑን የቆረጡት ትልቅ ሰው መጋረጃውን ሲገልጡና ለተሰዋችው ወይዘሮ የኅሊና ጸሎት ይደረግ ሲባል፣ እርስዎም ከሁላችን ጋር ተነሥተው አንገትዎን ደፍተው ለራስዎ ጸለዩ። ጸሎቱ ሳያልቅ አላቋረጡም። ካለቀ በኋላ ነው ቀስ ብለው ወደ ትልቁ ሰው ሄደው እጅ የነሡት። «ጌታዬ፣ አስካለ ነኝ። ነፍስ ይማር ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ። ቤቱን ወርቅአፈራሁ ሰጥቷችኋል፣ የሰጠውን አልነጥቅም፤ ውሰዱት። መሬቱ ግን ያባቴ ነውና ከላዩ ላይ አንሡልኝ።» ያሉት ይኸው ነው። አቶ ዘርኡ «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

በውቤ በረሃ አንድ አዝማሪ እንዲህ ብሏል ብለው ሐጂ ኑሪ ነገሩኝ፤ እሳቸው ደግሞ ከማን እንደሰሙት አልጠየቅኩም፦

ቤቱንስ ውሰዱት ከነመስኮቱ፣
ሰማይ ላይ ይንጠልጠል፣ ያስካለ ነው መሬቱ።

በሳምንቱ መሥሪያ ቤቱ ጠራኝ። የጊዮርጊስ ሽማግሌዎች ሦስቱ ከእኔ ቀድመው ቀርበው መስክረው ነበር። አንደኛው አባትዎ ለሠርግዎ የደገሱትን ሳይቀር ከነወጡ ሲያስታውሱ ኃላፊው አቋረጣቸው። ኃላፊው ቤት ማንሣት እንደማይቻል በትሕትና ነገረኝና እመቤቲቱ ምን ቢደረግላቸው ይታረቃሉ አለኝ። እንደነገሩኝ ሳልቸኩል መለስኩ። የፊት ለፊቱ ቤት የሙዚየሙ ይሁን፤ የጓሮው ቤት ከነወጥ ቤቱና ከነአትክልቱ ግን የሁለታችን ሆኖ ይኑር አልኩ። ሰውዬው ይህ ብቻ ነው ወይ አለኝ። አልጋዬንም እፈልጋለሁ አልኩት። አልጋውን ጨምረው ፈረሙ።

እብነ በረዱ ላይ «ተሰውታለች» የሚለው በመሮ ተፍቋል። አሁን «ወይዘሮ አስካለ በጠላት ዘመን በአርበኝነት» ይልና ባዶ ነው። አቶ ዘርኡ ምን እንጻፍበት ብለው ጠይቀዋል፤ ስለ ውኃው ነግሬያቸው ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።

እኔ ጓሮ ከገባሁ አምስት ቀኔ ነው። ቀን ቀን ተማሪዎች ከስድስት ኪሎ እየመጡ ሳሎናችንን ያያሉ፤ እኔ በመስኮት እነሱን አያለሁ። ፎቶግራፍዎን ከሳሎኑ አላስወጡልኝም፤ የሙዚየሙ ነው አሉ። ሳልነግርዎ የምውለው ነገር እየበዛ ተቸግሬአለሁ።

የጓሮው ቤት ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው እኔ አለሁ። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ መስኮቱ ወደ ጊዮርጊስ ያያል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የአንድ ሰው ድስት ሌላ ሰው አይነካም። ይህን የምጽፈው እንዲያውቁት ያህል ነው እንጂ ለማስቸገር አይደለም። መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ ቢያስቡበት መልካም ይመስለኛል።

እህትዎ ሰርክአዲስ


ጅማ
ሰኔ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ልጄ ሰርክአዲስ፣

ፀሐይ ስታገኚ ፍራሹን አስጪልኝ።

አስካለ